የክረምት ጓሮን እድገት ስናካፍል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሃያ ዓመት በላይ በአዲስ አበባ በምትገኝ ጠባብ ጓሮዬ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና አበባ ስተክል ቆይቻለሁ። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ዘመድና ጎረቤት ሁሉ የጓሮውን ፎቶግራፍ ይለዋወጣል፣ ምን እንደበቀለና ምን እንዳበበም ይነጋገራል። ልማዱን እወደዋለሁ። ሆኖም በአንዱ ጓሮ እውነት የሆነው ነገር ተጓድሎ ሲነገር በሌላው ጓሮ ጥፋት ሲያስከትል ደጋግሜ ስላየሁ፣ በዚህ ዓመት ዝም ማለት አልቻልኩም።

አብዝቼ የምቆጣው «ክረምት» እና «በጋ» የሚሉትን ቃላት ቀንና ቦታ ሳይጠቅሱ በመጠቀም ነው። ለእኛ ክረምት ዝናቡ የሚወርድበት፣ ሰማዩ የሚዳምንበት፣ መሬቱ የሚጨቀይበት ወቅት ነው። ሜሪላንድ ለምትኖረው እህቴ ግን ክረምት በረዶ መሬቱን የሚያለብስበት ጊዜ ሲሆን፣ እኛ ጃንጥላ የምንይዝባቸውን ወራት እርሷ በጋ ትላቸዋለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት «በጋው ደርሶልኝ ቲማቲሙን ተከልሁ፤ በሰኔ አበበ፣ በነሐሴ ለቀምሁ» ብላ ቀይ ፍሬ የተንዠረገገበትን ተክል ፎቶግራፍ ላከችልኝ። እኔም የወሩን ስም ብቻ አይቼ አርባ ችግኝ ገዛሁና ሰኔ 10 ቀን በመደቡ ላይ ተከልሁ። ሐምሌን በደህና አለፈ። ነሐሴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት በቅጠሎቹ ላይ ውሃ ያዘለ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ታየ፤ ማለዳ ላይ የቅጠሉን ጀርባ ስገልጠው ነጭ ሻጋታ ነበረበት፤ በዐሥር ቀን ውስጥ አርባውም ተክል በእሳት የተለበለበ መሰለ። ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት፣ ድንችንም የማይምር በሽታ ነው፤ ቅዝቃዜና እርጥብ ቅጠል ይመቸዋል፣ ዝናብ ባዘለ ነፋስም ከጓሮ ወደ ጓሮ ይዛመታል።

የእህቴ ምክር በራሷ ጓሮ ፍጹም ትክክል ነበር። በሰኔ አጋማሽ በእርሷ አካባቢ ፀሐይ በቀን 15 ሰዓት ያህል ስትቆይ፣ በአዲስ አበባ የቀኑ ርዝመት ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም አይበልጥም፤ ከዚያም ላይ አብዛኛውን ሰዓት ደመና ይጋርደዋል፣ ሌሊቱም እስከ 10 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ስህተቱ እኔ ሳልጠይቅ መትከሌ፣ እርሷም ሳትገልጽ መናገሯ ነው። በዚያው ዓመት እኔም በተራዬ አጠፋሁ፤ «የሐበሻ ጎመን ክረምት ሲገባ ይዘራል» ብዬ ስለነገርኋት፣ በቃሌ ታምና እስከ ኅዳር ጠብቃ ዘራች፤ የበቀለውን ቡቃያም ውርጭ ፈጀው። ስለዚህ የጓሮ ወሬ ወደ ሌላ አገር ስትልኩ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ ሰኔ 1 ቀን በእነርሱ ጁን 8 መሆኑን፣ ዝናብ እንዳለና እንደሌለ፣ ተክሉ ሜዳ ላይ ይሁን በላስቲክ ጥላ ሥር ግለጹ። በአዲስ አበባ ክረምት ያለ ላስቲክ ጥላ ቲማቲም ለመትከል የሚያስብ ጀማሪ ካለ፣ እባካችሁ ዝናቡ ካባራ በኋላ በመስኖ እንዲሞክር ንገሩት።

አገር ውስጥም ቢሆን ከፍታን አለመጥቀስ ያሳስታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ፣ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ የአንዱ ከተማ ቃሪያ በስንት ቀን እንደደረሰ ለሌላው ከተማ ሰው መለኪያ አይሆንም። አፈሩንም ተናገሩ፤ ቀይ አፈር ላይ ያማረ ካሮት፣ ውሃ በሚቋጥር መረሬ ላይ መደቡን ከፍ ሳያደርጉ ቢዘሩት ይበሰብሳል።

የተዘራበትን ቀን ሳይመዘግቡ «እዩት እንዴት እንዳደገ» ማለትም እንዲሁ ነው። ካሮት ለመብቀል ሁለት ሳምንት አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንደሚፈጅ ያልተነገረው ጀማሪ፣ በዐሥረኛው ቀን ዘሩ ሞቷል ብሎ መደቡን በመኮትኮቻ ሲገለብጠው አይቻለሁ።

ልቤን የሚነካው ግን ያማረውን ጥግ ብቻ የማሳየት ልማድ ነው። ጎረቤቴ የሆነች አንዲት ወጣት በመጀመሪያ ክረምቷ ሰላጣና ቆስጣ ተከለች። እኔ በየሳምንቱ የጽጌረዳውንና የጥቅል ጎመኑን ፎቶግራፍ እልክላት ነበር፤ ቀንድ አውጣ በአንድ ሌሊት የጨረሰውን የሰላጣ መደብና በረዶ የቀዳደደውን የቆስጣ ቅጠል ግን አላሳየኋትም። በነሐሴ መጨረሻ ቤቴ መጥታ «ጋሼ፣ የእኔ እጅ ለአትክልት አይሆንም፤ ልተወው ነው» አለችኝ። የእርሷም ሰላጣ የጠፋው በዚያው በቀንድ አውጣ ነበር። ወደ ጓሮ ወስጄ ባዶውን መደብ ሳሳያት በዝምታ ቆማ ተመለከተችው። ከዚያ ቀን ወዲህ የጠፋብኝን ተክል ከነምክንያቱ ሳልልክ ያማረውን አልልክም፤ እርሷም ዛሬ ማለዳ ማለዳ በባትሪ እየፈለገች ቀንድ አውጣ ትለቅማለች፣ ሰላጣዋም ከእኔ ይበልጣል።

የታመመ ተክል አሳይታችሁ ምክር ስትጠይቁ ከሩቅ የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ አይበቃም። ክሽክሽ የሚባለው ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ የሚሰፍረው በአብዛኛው በቅጠሉ ጀርባና በለጋው ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ጀርባውን፣ ግንዱን ከሥሩ አጠገብና ሙሉውን ተክል ለየብቻ አንሱ። ለመጠን ማነጻጸሪያ የቡና ስኒ አጠገቡ ማስቀመጥም አይክፋችሁ።

ስለ አበባ አንድ ነገር ልጨምር። ሃይድራንጂያ የሚባለውን ትልልቅ ክብ ዘለላ ያለው አበባ ሰማያዊ ሆኖ ያየ ሰው ቁራጭ ይለምናል፤ ወስዶ ሲተክለው ሮዝ ሆኖ ያብባል፤ ተታለልሁ ብሎም ይቀየማል። በብዙዎቹ የዚህ ተክል ዓይነቶች ቀለሙን የሚወስነው አፈሩ ነው፤ በአሲዳማ አፈር ተክሉ አሉሚኒየም ስለሚያገኝ ሰማያዊ ይሆናል፣ አሲድነቱ ሲቀንስ ወደ ሮዝ ያደላል። ቁራጩን ስትሰጡ ይህን አብራችሁ ንገሩ።

ፀረ ተባይ የተረጨበትን ጎመን «የጓሮዬ ፍሬ ነው» ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ማካፈል ከስህተት ያለፈ ጥፋት ነው። በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ከርጭት በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም መቆየት እንዳለበት ተጽፏል፤ ያ ቀን ሳይሞላ ቅጠሉ ከመደቡ አይነሳ።

ዘር ስታካፍሉም «የጎመን ዘር» ብቻ ብላችሁ አትስጡ፤ የሐበሻ ጎመን ነው ወይስ ጥቅል ጎመን? ከገዛችሁት ድቃይ (ከሁለት ዓይነት የተዳቀለ) ቲማቲም የለቀማችሁት ዘር ከሆነም ለተቀባዩ አሳውቁት፤ ከዚያ የሚበቅሉት ተክሎች እናታቸውን ላይመስሉ፣ እርስ በርሳቸውም ሊለያዩ ይችላሉ። እኔ ዘሩን በወረቀት ጠቅልዬ የዓይነቱን ስም፣ የለቀምሁበትን ወርና ዓመት፣ ያደገበትንም ሰፈር በእርሳስ እጽፍበታለሁ፤ የብዕር ቀለም በክረምት እርጥበት ይፈሳል።