ከቢሮ የተላከው ውል በላቲን ምልክት ሲከፈትብኝ

ናይሮቢ ተቀምጬ ለአዲስ አበባ ደንበኞች ውል አረቃለሁ። ከቢሮ የተላከልኝ የኪራይ ውል አዲሱ ላፕቶፔ ላይ ሲከፈት አንድም የአማርኛ ፊደል የለውም። የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ብቻ።

ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ሦስቴ አስላክሁ። ያው ነው። በጉግል ዶክስ ሞከርኩ፤ ያው። ሁሉንም መርጬ ፎንቱን ወደ ኒያላ፣ ወደ ዊንዶውሱ የአማርኛ ፎንት፣ ቀየርኩት፤ ምንም። ሁለት ቀን እንዲሁ አለቀ።

በመጨረሻ ዋናውን ፋይል እንደገና ከፍቼ አንዱ መስመር ላይ ጠቅ አደረግሁና የዎርድን የፎንት ሳጥን አየሁ። የቪዥዋል ግዕዝ፣ የድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ ፎንት ስም ተጽፏል። ለካ የተጻፈው በዩኒኮድ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ በሚሰጠው የጋራ አሠራር፣ አይደለም! ፊደሎቹ በውስጥ የተቀመጡት በላቲን ኮድ ነው። ያ ፎንት ከሌለ ኮምፒውተሩ «ሀ»ን ከየት ያመጣዋል?

ጸሐፊያችን ከቢሮው ኮምፒውተር፣ ከዊንዶውስ የፎንቶች ፎልደር፣ የፎንቱን ፋይል በቴሌግራም ላከችልኝ። ቀኝ ጠቅ፣ ኢንስቶል፣ ዎርድን ዘግቶ መክፈት። ውሉ ቁልጭ ብሎ መጣ።

ለደንበኛ ውል አሁን በፒዲኤፍ ነው የምልከው። አዲስ ረቂቅ ደግሞ በዩኒኮድ ብቻ። በድሮው ፋይል ውስጥ ግን «አከራይ» ብዬ በዩኒኮድ ኪቦርድ ብፈልግ አያገኝልኝም፤ ቃሉን ከራሱ ከውሉ ኮፒ አድርጌ ነው የምፈልገው።