የዊንዶውስ አፕዴት ዳታ እንዳይጨርስና ሥራ እንዳያቋርጥ ምን እናድርግ?

የ1 ጊጋ ጥቅል ገዝታችሁ የስልካችሁን ሆትስፖት ከፍታችኋል። አንድ ኢሜይል ልካችሁ ልትዘጉ ነው። ገጹ አልከፈት ይላል። ትንሽ ቆይቶ ጥቅሉ አልቋል የሚል መልእክት ይመጣል። ኢሜይሉ አልሄደም። ዊንዶውስ ግን ከጀርባ ሆኖ አፕዴቱን ሲያወርድ ነበር።

ይህ ነገር በጣም ያናድደኛል። ብሩም ኮምፒውተሩም የእኛ ነው፤ ሰዓቱንም መምረጥ ያለብን እኛ ነን።

ግን አፕዴትን ጨርሳችሁ አትዝጉ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በማርች 2017 አንድ የደህንነት ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት አውጥቶ ነበር። በሜይ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ሲመጣ ያንን ያልጫኑ ኮምፒውተሮች ፋይላቸው ተቆለፈ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ የሕመምተኛ ቀጠሮ ሰርዘዋል።

የሚከተለው ለዊንዶውስ 11 ነው። በ10 ላይም አለ፤ ቦታው ትንሽ ይለያል።

1. ዳታችሁን አስከብሩ። ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ዋይፋይ ግቡ። የተገናኛችሁበትን ሆትስፖት ፕሮፐርቲስ ክፈቱና ሚተርድ ኮኔክሽን የሚለውን አብሩት። ኢንተርኔቱ በልክ የሚከፈልበት መሆኑን ለኮምፒውተሩ መንገር ማለት ነው። አብዛኛው አፕዴት ይቆማል፤ አንዳንድ አስቸኳይ ነገር ሊያልፍ ይችላል። ለእያንዳንዱ ሆትስፖት ለየብቻ መደረግ አለበት።

2. የሥራ ሰዓታችሁን ንገሩት። ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ አክቲቭ አወርስ ግቡ። በዚህ ሰዓት ውስጥ በራሱ ሪስታርት አያደርግም። ከፍተኛው 18 ሰዓት ነው። ልብ በሉ፣ ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፦ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ለእሱ 8 ነው። እኔ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት እንዲሆን አድርጌዋለሁ።

3. አዲስ አፕዴት እንደወጣ አትሽቀዳደሙ። ለእኔ ዋናው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 የወጣው ትልቅ የዊንዶውስ 10 አፕዴት የአንዳንድ ሰዎችን ፋይል ከዶክመንትስ ውስጥ አጥፍቷል። ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ አፕዴቱን አቁሞ እስከ ኖቬምበር አላወጣውም። የሚያሳዝነው፣ ዊንዶውስን ቀድመው በፈቃዳቸው ከሚሞክሩት ሰዎች መካከል ችግሩን የጠቆሙ ነበሩ፤ ሰሚ አላገኙም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2014 ብዙ ሠራተኞች ሲቀንስ ሶፍትዌር ፈታሾቹም ተነክተው ነበር። የሙከራው ሸክም ወደ ተጠቃሚው መጥቷል ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሌላው ይቅደም። ወርሃዊው አፕዴት የሚወጣው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ገደማ። በዚያ ሰሞን ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ ፖዝ የሚለውን ተጭናችሁ 1 ሳምንት ምረጡ። እስከ 5 ሳምንት ማራዘም ይቻላል፤ እኔ ግን ከ2 አላሳልፍም።

4. የሚጫንበትን ቀን ራሳችሁ ምረጡ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ይሻላል። አስቀድማችሁ ዋና ዋና ፋይሎቻችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰኩት፣ ባትሪውም ሙሉ ይሁን። አፕዴት መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ዊንዶውሱ ሳይነሳ ሊቀር ይችላል። ዴስክቶፕ ያላችሁ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) አትጀምሩት።

5. ከተጫነ በኋላ ፕሪንተሩ እምቢ ካለ ወይም ኮምፒውተሩ ከተንቀራፈፈ፣ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ አፕዴት ሂስትሪ፣ ከዚያ አንኢንስቶል አፕዴትስ ግቡ። በቀኑ ለይታችሁ የመጨረሻውን አስወግዱ። ወዲያው ፖዝ ማድረግ እንዳትረሱ፤ አለዚያ ያንኑ አፕዴት መልሶ ይጭነዋል።