በረዶ፣ ነፋስና ባሕር መሬትን ሲቀርጹ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመሬት ገጽ እንዴት እንደሚለወጥ ሲነገር ደጋግሜ የማየው ስህተት ሥሩ አንድ ነው፤ ተሸካሚውን አይቶ የተሸከመውን መርሳት። በረዶ፣ ነፋስና ባሕር ጉልበት ናቸው፤ ቋጥኝን የሚበላው ግን በአብዛኛው ይዘውት የሚሄዱት ድንጋይና አሸዋ ነው።

«የበረዶ ግግር ድንጋዩን ራሱ ይፍቀዋል» ማለት። ግግር ማለት ተከምሮ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ቁልቁል የሚፈስ በረዶ ነው፤ በረዶ ደግሞ ከቋጥኝ ይልቅ ለስላሳ ነው። ከግግሩ ሥር ያለው ውሃ በቋጥኙ ስንጥቅ ገብቶ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ይጨምርና ስንጥቁን ያሰፋዋል። ግግሩ ሲንቀሳቀስ የላላውን ድንጋይ ነቅሎ ይወስደዋል። ያ ድንጋይ ከበረዶው ሆድ ጋር እንደተጣበቀ መሬቱን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። በረዶው ከጠፋ ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላም ቋጥኙን በእጅዎ ቢዳስሱት በአንድ አቅጣጫ የተሰመሩት ጭረቶች ለጣትዎ ይታወቁታል። የተፈጨው ደግሞ እንደ ዱቄት ልሞ ከሚቀልጠው ውሃ ጋር ይወርዳል፤ ከግግሩ ቁልቁል ያሉ ሐይቆች ወተት የተቀላቀለበት የሚመስለውን ውብ ሰማያዊ መልክ የሚያገኙት ከዚህ ዱቄት ነው።

«ግግሩ አፈገፈገ» ሲባል በረዶው ወደ ኋላ እንደሄደ ማሰብ። ከሁሉ ይልቅ እንዲታረም የምፈልገው ይህን ነው። በረዶው ምንጊዜም ወደ ታች ይፈሳል። ጫፉ ላይ የሚቀልጠው ከላይ ከሚመጣው ሲበልጥ ጫፉ ብቻ ወደ ላይ ይሸሻል። ጫፉ ለዓመታት ባለበት ቢቆም እንኳ ግግሩ ድንጋይ ማውረዱን አያቆምም፤ ያወረደው እዚያው እየተራገፈ ረጅም ጉብታ ይሆናል። ያን ጉብታ ሁሉ በረዶው እንደ ዶዘር ገፍቶ የሠራው አድርጎ ማሰብም የዚሁ ስህተት ልጅ ነው።

ብቻውን የተቀመጠን ቋጥኝ ሁሉ ጎርፍ አመጣው ማለት። በአውሮፓ ከአካባቢው ድንጋይ ጋር የማይዛመዱ ግዙፍ ቋጥኞች ለረጅም ጊዜ የጥፋት ውሃ ቅሪት ተደርገው ይታዩ ነበር። በረዶ እንዳጓጓዛቸው ከተከራከሩት አንዱ የስዊዘርላንዱ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሉዊ አጋሲ ነበር፤ ሐሳቡን በ1840 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣ። መለያው ቀላል ነው፦ የሚፈስ ውሃ ሸክሙን በመጠን ይለያል፤ በረዶ ግን ቋጥኙን፣ ጠጠሩንና ጭቃውን አደባልቆ ይጥለዋል።

በረሃን ሁሉ አሸዋ፣ የበረሃን ሸለቆ ሁሉ የነፋስ ሥራ ማድረግ። የሰሃራ አብዛኛው ገጽ ድንጋይና ጠጠር ነው። ነፋስ ደቃቁን አቧራ ውቅያኖስ ያሻግረዋል፤ የአሸዋ ቅንጣት ግን እየዘለለች የምትሄደው ከመሬት ብዙም ሳትርቅ ነው፤ ከአንድ ሜትር በላይ የምትነሣው ጥቂት ናት። ስለዚህ ነፋስ ቋጥኝን የሚሞርደው ከእግሩ ነው። ጥልቅ ሸለቆዎቹን በአብዛኛው የቦረቦረው ውሃ ነው።

ሞገድ ገደሉን ከላይ እስከ ታች ይንደዋል ብሎ ማሰብ። ሞገድ የሚመታው ግርጌውን ነው። በስንጥቆች ውስጥ አየር ይጨምቃል፤ ጠጠር አንስቶ ይወረውራል፤ ግርጌው ሲቦረቦር የላዩ በራሱ ክብደት ይወርዳል። በአውስትራሊያ «አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት» ከሚባሉት የድንጋይ ዓምዶች አንዱ በ2005 እ.ኤ.አ. በድንገት ተንዷል።

ባሕር መውሰድ ብቻ ነው የሚያውቀው ማለት። ሞገድ ወደ ዳርቻው በሰያፍ ይመጣል፤ ውሃው ሲመለስ ግን ቁልቁለቱን ይዞ በቀጥታ ይወርዳል። አሸዋውም በዚህ መልኩ እየተንፏቀቀ በዳርቻው ርዝመት ይጓዛል። በሊትዌኒያና በሩሲያ መካከል የተዘረጋውን 98 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የኩሮኒያን የአሸዋ ልሳን (ባሕር ውስጥ እንደ ምላስ የተዘረጋ ቀጭን የአሸዋ ምድር) ያበጀው ይህ ጉዞ ከነፋስ ጋር ሆኖ ነው። ዳርቻን ለማዳን ወደ ባሕሩ የሚገባ ግንብ ሲሠራም መረሳት የሌለበት ይኸው ነው። ግንቡ አሸዋውን በአንድ ወገን ይይዘዋል፤ በወዲያኛው ወገን ያለው ዳርቻ የሚመጣለት አሸዋ ይቋረጥበታል። አሸዋው ሲሳሳ ደግሞ ሞገዱ ከኋላው ያለውን ገደል ያለ ከለላ ያገኘዋል።