ሰብዉፈር ሲያስተካክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰብዉፈር (ባስ የሚባለውን ዝቅተኛና ወፍራም ድምፅ ለይቶ የሚያወጣ ስፒከር) ገዝተው ቤታቸው ያስገቡ ብዙ ሰዎች ከጥቂት ቀናት በኋላ ባሱ ቤቱን ያናውጣል እንጂ ለጆሮ አይጥምም ይላሉ። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመሣሪያው ሳይሆን የአቀማመጡና የአስተካከሉ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ሰብዉፈሩን ክፍት ቦታ በተገኘበት ጥግ ወሽቆ መተው ነው። የ40 ሄርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ 8.6 ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ በመኖሪያ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ አንዱ ቦታ ላይ ሲከማች ሌላው ቦታ ላይ ይጠፋል። 5 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል ለምሳሌ 34 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ከልክ በላይ ያጎላዋል፤ ጥግ ደግሞ ይህንኑ ያባብሳል። ስለዚህ ሰብዉፈሩን ለጊዜው ዘወትር በሚቀመጡበት ቦታ ላይ ያድርጉትና፣ ቤዝ ጊታሩ ከኖታ ወደ ኖታ የሚወጣና የሚወርድበት ሙዚቃ ከፍተው፣ ጆሮዎን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርገው የግድግዳውን ዙሪያ ይዳስሱ። አንዱ ኖታ ሳያገሳ፣ ሌላውም ሳይዋጥ ሁሉም ተመጣጥኖ የሚሰማበትን ስፍራ ሲያገኙ ሰብዉፈሩን እዚያ ያስቀምጡት። የዚህን ድካም ያህል ውጤት የሚሰጥ ውድ ገመድ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ሁለተኛው ስህተት ክሮስኦቨሩን፣ ማለትም ድምፁ በሰብዉፈሩና በሌሎቹ ስፒከሮች መካከል የሚከፈልበትን ወሰን፣ ከፍ አድርጎ መቁረጥ ነው። ከ80 ሄርዝ መጀመር ይበጃል፤ ከዚያ በጣም ከፍ ካለ የወንድ ዘፋኝ ድምፅ ከፊሉ ከሰብዉፈሩ መውጣት ይጀምርና ጆሮ አቅጣጫውን ይለየዋል። አምፕሊፋየሩ ራሱ ድምፁን ከፋፍሎ የሚልክ ከሆነም፣ ድምፁ ሁለት ጊዜ እንዳይቆረጥ በሰብዉፈሩ ጀርባ ያለውን የክሮስኦቨር ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

የሰብዉፈሩን ሞገድ ከሌሎቹ ስፒከሮች ሞገድ ጋር የሚያጣጥመውን የፌዝ (phase) ማብሪያ ብዙዎች ጨርሶ አይነኩትም። በመቀመጫዎ ሆነው 0 እና 180 ዲግሪውን ሌላ ሰው እያቀያየረ ያሰማዎት፤ በክሮስኦቨሩ አካባቢ ባሱ ሞላ ብሎ የተሰማበት ትክክለኛው ነው።

በመጨረሻ የድምፁ መጠን ይቀራል። አዲስ ሰብዉፈር የያዘ ሰው መኖሩን ለመስማት ስለሚጓጓ አብዝቶ ይከፍተዋል፤ በዚህም ከበሮው የዘፋኙን ቃል ይሸፍነዋል። መጠኑን ሙሉ በሙሉ ዝቅ አድርገው በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ፤ ዓይንዎን ጨፍነው ባሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ በጣትዎ ማሳየት ከቻሉ ትንሽ መልሰው ይቀንሱት።