ያገለገለ ሊሚትድ ስሊፕ አክስል ከተገጠመ በኋላ፦ ችግርና መፍትሄ

ፒክአፕ ላይ ያገለገለ ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገድብ) የኋላ አክስል ተገጥሞ ችግር ሲፈጠር ሁሉም ጣቱን ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል ላይ ይቀስራል። ዘይቱን፣ የጥርሱን ቁጥርና አገጣጠሙን ሳታዩ ግን አትፍረዱበት።

ሲታጠፍ ከኋላ ድግ ድግ ይላል

በብዛት የሚያስደነግጠው ይሄ ነው። መኪናው ቀስ ብሎ ሲዞር የኋላ ጎማዎቹን ያዝ ለቀቅ የሚያደርጋቸው ነገር ያለ ይመስላል። ዲፈረንሻሉ ውስጥ ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዙት ሸራዎች (ስስ ሳህኖች) እየተንሸራተቱ መዞር ሲገባቸው ይጣበቁና ድንገት ይለቃሉ። ብዙ ጊዜ ዘይቱ አርጅቷል ወይም ለሸራ የሚሆን ማለስለሻ የለውም።

ዘይቱን ቀይሩ። መጀመሪያ የመሙያውን ቡሎን ክፈቱ። እሱ እምቢ ካለ የማፍሰሻውን አትንኩ፤ ዘይት የሌለው አክስል ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ማፍሰሻው ማግኔት ካለው በጣታችሁ ጥረጉት። ግራጫና እንደ ግራሶ የለሰለሰ ከሆነ የተለመደ ነው። ጥፍር የሚይዘው የብረት ስባሪ ከወጣ ግን ዲፈረንሻሉ መፈታት አለበት።

አምራቹ ያዘዘውን ጂኤል-5 (የዲፈረንሻል ዘይት ደረጃ ነው) ዘይት ሙሉ። ጣሳው ላይ ለሊሚትድ ስሊፕ ይሆናል ካልተባለ ፍሪክሽን ሞዲፋየር፣ ማለትም ያንን የሸራ ማለስለሻ ጨምሩ፣ ግን አታብዙ። ሲበዛ ሸራዎቹ መያዝ ያቅታቸዋል። ከዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ቀስ እያላችሁ ስምንት ቁጥር እየሠራችሁ ንዱ። ዘይቱ ሸራዎቹ መሃል የሚገባው እንዲህ ነው።

ጭቃ ላይ አንዱ ጎማ ብቻ ይሽከረከራል

የፊት ጎማዎቹን በታኮ ያዙ። ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች አንስታችሁ አክስሉን መቆሚያ ላይ አሳርፉ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፣ አንዱን ጎማ በእጅ አዙሩ። ሌላኛው ያለ ምንም ትግል ወደ ተቃራኒው ከዞረ ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ የገዛችሁት ተራ ዲፈረንሻል ነው። ያለ ሸራ በጥርስ ብቻ የሚሠራው ዓይነት ግን በዚህ አይለይም።

የፍጥነት መለኪያው ይዋሻል፣ ሞተሩም ይጮሃል

የጥርሱ ቁጥር አልገጠመም። የድሮው ኮሮና (ትልቁ ጥርስ) 39፣ ፒኞኑ (እሱን የሚያዞረው ትንሹ) 11 ጥርስ ከነበረው፣ 39 ለ11 ሲካፈል 3.55 ገደማ ነው። አዲሱ 41 በ10 ከሆነ 4.10 ይሆናል። ከካምቢዮ የሚያነብ መለኪያ 100 ሲያሳይ መኪናው የሚሄደው በ86 ገደማ ነው ማለት ነው። ይሄ በማስተካከያ ይታረማል። ባለ አራት ጎማ መኪና ላይ ግን ቀልድ የለም፦ የፊትና የኋላው ቁጥር ካልተመሳሰለ የፊት ጎማዎቹን መንዳት አታስገቡ፤ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ማከፋፈያ ይሰበራል።

ፍጥነት ሲጨምር ይንቀጠቀጣል

ክሮቼራውን (የማዞሪያው ዘንግ መገጣጠሚያ) እዩ። ባሌስትራውን የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ቡሎኖች የመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ነው። ትንሽ ከተነዳ በኋላም ድገሙት። የፒኞኑ አንግል ከተዛባም ያንቀጠቅጣል።

ጎማው ውስጥ ዘይት ይታያል

ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳያፈስ የሚያግደውን ጎማ) ከመቀየራችሁ በፊት የአክስሉን መተንፈሻ እዩ። በጭቃ ከተደፈነ የሞቀው አየር ዘይቱን በፓራኦሊዮው በኩል ይገፋዋል፤ አዲሱም ያፈሳል። ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ ታጥቦ አይመለስም፣ ቀይሩት።

የፍሬኑ ፔዳል ይሰምጣል

መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል፤ አስወጡት። ብዙ ፒክአፖች ላይ ደግሞ እንደ ጭነቱ የኋላውን ፍሬን የሚመጥን ቫልቭ አለ፤ ዘንጉ አክስሉ ላይ ይታሰራል። ያ ዘንግ በቦታው ሳይታሰር መኪናውን መንገድ ላይ አታውጡ።