በእጥረት ወር የቆየ በግን ለእንቁጣጣሽ እንዴት ማድለብ ይቻላል?

በወሎ ደጋ በልጉ ሲከዳ፣ ሚያዝያና ግንቦት ለበግ ክፉ ወራት ናቸው። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ወይ ደንግጦ በጉን በርካሽ ይሸጣል፣ ወይ ተበድሮ ፉርሽካ ይገዛል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል፤ በጉ ሦስተኛ መንገድ አለውና። መኖ አንሶት የከረመ ጤነኛ በግ እንደገና መጥገብ ሲጀምር፣ ለተወሰነ ጊዜ ሳያቋርጥ ሲጠግብ ከኖረው በበለጠ ፍጥነት ያድጋል። ባለሙያዎች የማካካሻ እድገት ይሉታል። መኖ ሲያንስ ጉበቱና አንጀቱ መጠናቸው ስለሚቀንስ፣ ሕይወቱን ለማቆየት የሚበቃው መኖም ያንሳል። መኖው ሲመለስ ፍላጎቱ ይከፈታል፤ ሕይወቱን ለማቆየት የሚበቃው መኖ ግን ወዲያው ስለማይጨምር የተረፈው ወደ ሥጋ ይሄዳል።

1. ምርጫ። ዓመት ገደማ የሞላው ወንድ ይምረጡ። ጡት ያልተወ ግልገል፣ ያረገዘች ወይም የምታጠባ በግ ፈጽሞ መኖ አይቀነስባቸውም። በግልገልነቱ ክፉኛ የተራበ በግ በኋላ ቢቀለብም ትንሽ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

2. የእጥረቱ ጊዜ። ዓላማው በጉን ማስራብ ሳይሆን ባለበት ማቆየት ነው። ቀን ግጦሽ፣ ማታ የገብስ ጭድ ወይም የባቄላ ገለባ፣ ከተገኘም አንድ እፍኝ ፉርሽካ ይበቃል። ውሃና አሞሌ ጨው ግን አይጓደሉ። እዚህ ላይ ዓይንዎን አይመኑ፤ የወሎ ደጋ በግ ጠጉሩ ረጅም ስለሆነ ከስቶም የወፈረ ይመስላል። ጠጉሩን ገልጠው ከመጨረሻው ጎድን በስተኋላ አከርካሪውን በአውራ ጣትዎ ይዳስሱ። አጥንቱ ቢሰማዎትም በላዩ ሥጋ ካለ ደህና ነው። እንደ መጋዝ ጥርስ ከቆረቆረዎት ግን ክሳቱ ከልክ አልፏል፤ በዚያው ቀን መኖ ይጨምሩለት። የእጥረቱ ጊዜ ሁለት ወር ገደማ ይበቃል። እጥረቱ ከረዘመና ከከፋ በጉ ያጣውን መልሶ አያገኝም።

3. ቀን መቁጠር። ቀለቡ 90 ቀን ይፈልጋል። ከእንቁጣጣሽ ወደ ኋላ ሲቆጠር ሰኔ 6 ላይ ይደርሳል። አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ፣ ለአረፋ የሚያደልብ ሰው ቆጠራውን በየዓመቱ ያድሳል። ቀለብ ከመጀመሩ በፊት በጉ የትል መድኃኒት ይሰጠው፤ ክትባቱን ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ይጨርሱ። ትል ያለበት በግ የሚበላው ለትሉ ነው።

4. ቀለቡን ማስጀመር። ብዙ በግ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ጎረቤቴ ሁለት ወር በጭድ የከረመ በጉን አዝኖለት አንድ ምሽት ገብስ አጠገበው፤ ጠዋት ሆዱ ተነፍቶ፣ ጥርሱን እያፋጨ ተኝቶ አገኘነው፤ አልተረፈም። እህል በድንገት ሲበዛ ሆድ ውስጥ አሲድ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት እጅ ፉርሽካና አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው የኑግ ተረፈ ምርት) ቀላቅለው በቀን በ100 ግራም ይጀምሩ፤ በየሁለት ቀኑ 50 ግራም እየጨመሩ በ12 ቀን 400 ግራም ያድርሱት። ጠዋትና ማታ ከፍለው፣ ድርቆሽ ወይም ጭድ አስቀድመው ይስጡ። ሣሩ ሲለመልምም በጉ ጤዛ ሳይደርቅ አይውጣ።

5. ሚዛን። በየ15 ቀኑ ጠዋት፣ መኖና ውሃ ሳይቀምስ ይመዝኑ። የመጀመሪያው ጭማሪ በከፊል የሆድ ሙላት ስለሆነ አያስደስትዎ። ከዚያ በኋላ በቀን ከ50 እስከ 100 ግራም ከጨመረ ሥራው ተሳክቷል። በሁለት ተከታታይ ሚዛን ጭማሪው እየቀነሰ ከሄደ ማካካሻው አልቋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሰጡት ፋጉሎ ዋጋውን ስለማይመልስ፣ በዓሉ ጥቂት ቀን ቢቀረውም በጉን ለገበያ ያውጡት።