መርዝ የወሰደ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲገባ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ ሕክምናው

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር መርዝ የወሰደ ሰው ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የመርዙን ስም አያውቅም። የተባይ ማጥፊያው በሃይላንድ ተቀድቶ የተገዛ ነው፣ ክኒኑ ያለ ፓኬት በወረቀት የተጠቀለለ ነው። ስሙ እስኪታወቅ ግን ሕክምናው መቆም የለበትም። ብብት፣ የዓይን ብሌን፣ ሳንባና የልብ ምት ካየን የመርዙን ዓይነት በአብዛኛው ይነግሩናል።

ከሁሉም በፊት ልጋጉን በሰክሽን ጥረጉ፣ በግራ ጎኑ አስተኙት፣ ኦክስጅን ስጡ፣ የደም ሥር መስመር ክፈቱ። ራሱን የሳተ ወይም የሚያንቀጠቅጠው ሰው ሁሉ ስኳሩ ይለካ። ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ለአዋቂ ባለ 40 ፐርሰንት ግሉኮስ 60 ሚሊ ሊትር (ባለ 20ው አምፑል ሦስት)፣ ለልጅ ባለ 10 ፐርሰንቱ 5 ሚሊ ሊትር በኪሎ በደም ሥር ይሰጥ።

ቤት ውስጥ ወተት አጠጥተው፣ ጣት ጉሮሮ ከትተው አስመልሰው የሚመጡ ብዙ ናቸው። ትውከቱ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ጉዳቱ ከመርዙ ሊብስ ይችላል። እኛም ብንሆን የመጣውን ሁሉ ጨጓራ ማጠብ የለብንም። መርዝ የሚመጥ የከሰል ዱቄት፣ አክቲቬትድ ቻርኮል (ለአዋቂ 50 ግራም፣ ለልጅ 1 ግራም በኪሎ) የሚጠቅመው በመጀመሪያው 1 ሰዓት አካባቢ፣ በደንብ ለነቃ ሰው ነው። ለላምባ፣ ለበረኪና እና ለአልኮል አይሰጥም።

አጠያየቅም የሕክምናው አካል ነው። “መርዝ ጠጣሽ?” ብሎ በዘመድ ፊት መጠየቅ አፍ ያዘጋል። ዘመድ ዞር ይበልና “እህቴ፣ እዚህ የሚፈርድብሽ የለም፤ የወሰድሽውን ብትነግሪኝ የምሰጥሽን መድኃኒት አውቃለሁ” በሏት። ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ተናጋሪ ከሆነች ቋንቋዋን የሚያውቅ ባልደረባ ይጠራ፤ ባሏ ወይም አባቷ ባያስተረጉሙ ይመረጣል። አንድ ዘመድ ደግሞ ጠርሙሱን፣ ፓኬቱን፣ የተረፈውን ክኒን እንዲያመጣ ወደ ቤት ይላክ።

ሁሉ ነገሩ እርጥብ፣ ብሌኑ የመርፌ ጫፍ ያከለ

ላብ፣ እንባ፣ ልጋግ፣ ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ሽንት ማምለጥ፤ ደረቱ ሲር ሲር ይላል፣ በአክታ ይንኮረኮራል፤ የልብ ምቱ ዝቅ ብሏል፣ ጡንቻው ይርገፈገፋል። ይህ ማላታይንና መሰል የተባይ ማጥፊያዎች የሚያስከትሉት የኦርጋኖፎስፌት መመረዝ ነው። የጠጣ ብቻ ሳይሆን ጫትና አትክልት ያለ መከላከያ ሲረጭ የዋለ ገበሬም እንዲሁ ሆኖ ይመጣል። ሰውየው የሚሞተው ሳንባው በራሱ ፈሳሽ ስለሚሞላና የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ስለሚደክሙ ነው።

ልብሱን አውልቃችሁ በፌስታል እሰሩ፤ ጓንት ደርቡ፣ መስኮት ክፈቱ። ቆዳውን፣ ፀጉሩንና ጥፍሩን በሳሙናና በውሃ እጠቡ። እጥበቱ ግን ማርከሻውን አትሮፒን አያዘግየው።

አትሮፒን ለአዋቂ 2 ሚሊ ግራም በደም ሥር፣ ለልጅ 0.05 ሚሊ ግራም በኪሎ ይጀመራል። በ5 ደቂቃ ሳንባውን አድምጡ፤ ካልተሻለው እጥፍ ስጡ። 2፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ 16 ነው፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ 30 ሚሊ ግራም ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ባለ 1 ሚሊ ግራሙ አምፑል ከሆነ 30 ፍሬ ነውና ከፋርማሲ ሳይመጣ ሥራው እንዳይቆም አስቀድማችሁ ሰብስቡ፤ አምፑል የሚሰብር አንድ ሰው ለብቻው ይመደብ።

የሚፈለገው ውጤት ይህ ነው፦ ሳንባው ከሁለቱም በኩል ጠርቷል፣ ብብቱ ደርቋል፣ የልብ ምቱ ከ80 በላይ፣ የላይኛው የደም ግፊት ከ80 በላይ። መሻሻል ከጀመረ ማጠፉ ይቁምና ያንኑ ወይም ያነሰ መጠን እየሰጣችሁ ጨርሱ። ከዚያ እስካሁን ከሰጣችሁት ጠቅላላ ከ10 እስከ 20 ፐርሰንቱ በየሰዓቱ ይቀጥላል። 30 ሚሊ ግራም ከፈጀ በሰዓት ከ3 እስከ 6 ነው። መድኃኒት በልክ የሚያንጠባጥብ ፓምፕ ከሌለ ከ250 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን 25ቱን ቀድታችሁ ጣሉና በምትኩ 25 ሚሊ ግራም (25 አምፑል) አትሮፒን ጨምሩበት። 1 ሚሊ ሊትሩ 20 ጠብታ በሚሆነው የጉሉኮስ ማስገቢያ ቱቦ (ሴት) በደቂቃ 10 ጠብታ በሰዓት 3 ሚሊ ግራም ይሰጣል።

ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ብሌኑ ሰፋ ተብሎ አትሮፒኑ ይቆማል፤ ሳንባው ግን ገና እርጥብ ነው። ወይም “ልቡ 120 ይመታል” ተብሎ ጨርሶ አይጀመርም። ፈጣን ምት ከኦክስጅን እጥረት ሊሆን ይችላል፤ በአካባቢያችን ምርቃና ላይ እያለ የጠጣም አለ፣ ጫቱ ራሱ ልብ ያፈጥናል፣ ብሌንም ያሰፋል። ፈጣን ምት አትሮፒን አይከለክልም። የሚታመነው ሳንባና ብብት ነው። በአንድ በኩል ብቻ የቀረ ድምፅ ካለ ትውከት ገብቶ ይሆናል፤ እሱን አትሮፒን አያጠራውም።

ሲበዛም ምልክት አለው፦ ይቀባዥራል፣ ይሞቃል፣ የአንጀት ድምፁ ይጠፋል፣ ሽንቱ ይዘጋል። የድሬዳዋ ሙቀት ላይ ላብ የሌለው ሰው ትኩሳቱ በፍጥነት ይወጣልና ማራገቢያና እርጥብ ፎጣ ይዘጋጅ። ጠብታው ለ30 ደቂቃ ይቁም፣ ሲረጋጋ ከበፊቱ በ20 ፐርሰንት ተቀንሶ ይጀመር። ካንቀጠቀጠው ዲያዜፓም 10 ሚሊ ግራም በደም ሥር። ሌላው ማርከሻ ፕራሊዶክሲም ካለ 2 ግራም በ30 ደቂቃ ይሰጣል፤ ከሌለ በሱ ፍለጋ ጊዜ አይባክን።

ከ1ኛው እስከ 4ኛው ቀን ሌላ አደጋ አለ። ደረቁም፣ ነቅቶ የሚያወራውም ታካሚ መተንፈሻ ጡንቻው ሊከዳው ይችላል። በየ4 ሰዓቱ “ጭንቅላትህን ከትራሱ ቀና አድርግ” በሉት። ካቃተው ትንፋሹ እስኪቆም አትጠብቁ፤ ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ያለው አልጋ በስልክ አረጋግጡና ላኩት። ከድሬዳዋ ደንገጎን ወጥቶ ሐረር እስኪደርስ 1 ሰዓት ያህል ነውና አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍስ ከረጢት)፣ ኦክስጅን፣ የተቀዳ አትሮፒንና አጠቃቀሙን የሚያውቅ ነርስ አብረው ይሂዱ።

ብሌኑ ጠባብ፣ ግን ደረቅና ትንፋሹ የቀነሰ

ትራማዶል ወይም ሌላ የሕመም ማስታገሻ ከኦፒዮይድ ወገን ነው። ማርከሻው ናሎክሶን ነው፤ 0.4 ሚሊ ግራሙን በሳላይን ወደ 10 ሚሊ ሊትር አቅጥኑና በየ2 እስከ 3 ደቂቃው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ስጡ። ግቡ በደቂቃ ከ10 በላይ መተንፈሱ ነው፤ ዘሎ እንዲነሳ አይፈለግም። የናሎክሶን ኃይል ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ውስጥ ስለሚያልቅ፣ “ነቃሁ” ብሎ ቢለምንም ወዲያው አይለቀቅ። ትራማዶል ያንቀጠቅጣል፤ ለዚያ ዲያዜፓም ነው።

ደረቅ፣ ትኩስ፣ ብሌኑ ሰፊ፣ የሚቀባዥር

አስተናግር ነው ብላችሁ ጠርጥሩ፤ ፍሬው ከእህል ጋር ይቀላቀላል፣ ልጆችም ይበሉታል። ያበደ መስሏቸው ጸበል ወስደውት ቆይተው የሚመጡ አሉ። ዲያዜፓም ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ስጡ፣ አቀዝቅዙ፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) አስገቡ፤ ብዙው መንፈራገጥ ከሞላ ፊኛ ነው። የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱን ክሎርፕሮማዚን አትስጡ፤ ያደርቃል፣ ማንቀጥቀጥም ይጋብዛል።

የድብርት መድኃኒቱ አሚትሪፕቲሊንም ይህንኑ ይመስላል፣ ስለዚህ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ ወረቀት) ሳይነሳ አይታለፍ። በወረቀቱ ላይ ኪውአርኤስ የሚባለው ሹል ሞገድ ከ100 ሚሊ ሰከንድ (ከሁለት ተኩል ትንሽ ሳጥን) ከሰፋ ባለ 8.4 ፐርሰንት ሶዲየም ባይካርቦኔት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር በኪሎ በደም ሥር፣ እስኪጠብ ድረስ ይደገማል።

እጁ ቀዝቃዛ፣ ግፊቱ የወረደ፣ ሳንባው ግን የጠራ

ብዙ ያስመልሳል፣ አፉ ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል፣ አእምሮው ግን ንጹህ ነው። የነቀዝ ክኒን (አሉሚኒየም ፎስፋይድ) ወይም ጥቁሩ የአይጥ ዱቄት (ዚንክ ፎስፋይድ) ነው። ማሽላ ተጭኖ ክኒን የተደረገበት ክፍል ውስጥ ያደረ ቤተሰብም በጋዙ ሊመታ ይችላል። ክኒኑ ውሃ ሲያገኝ ጋዝ ስለሚለቅ በውሃ ጨጓራ አትጠቡ፤ ከትውከቱም ጋዝ ይወጣልና መስኮት ክፈቱ። ፈሳሽ፣ ኖርአድሬናሊን ወይም አድሬናሊን፣ ያልተቋረጠ የኢሲጂ ክትትል ያስፈልጋል። እያወራ ስለሆነ ብቻ ተራ ዋርድ እንዳይገባ፤ በጊዜ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ይፈለግለት።

ላምባ ወይም በረኪና የጠጣ ልጅ

ላምባ ጨጓራ ውስጥ ብዙም አይጎዳም፤ ሲያስመልስ ሳንባ ይገባል። አታስመልሱ፣ አትጠቡ። ልብሱን ቀይሩ፣ 6 ሰዓት አቆዩት፣ ትንፋሹን ቁጠሩ። ሳል ከሌለው፣ ኦክስጅኑ ጥሩ ከሆነ ይሄዳል። ካሳለ፣ ከጎድኑ ሥር ከተሰረጎደ ኦክስጅንና አልጋ ይሰጠው፤ አንቲባዮቲክ ለመከላከያ ተብሎ አይሰጥም።

የቤት በረኪና ጥቂት ከሆነ አፍ አጥቦ መከታተል ብዙ ጊዜ ይበቃል። ልጋግ መዋጥ ካቃተው፣ ደረቱን ካመመው ወይም ሲተነፍስ ጉሮሮው ከጮኸ ምንም በአፍ አይሰጥ፤ ጉሮሮው ሳይዘጋ የሚችል ባለሙያ ቱቦ ያስገባ።

ዲያዜፓም የማያቆመው ማንቀጥቀጥ

ቤት ውስጥ የቲቢ ወይም የቲቢ መከላከያ መድኃኒት አለ? አይሶናያዚድ ነው። ማርከሻው ፓይሪዶክሲን፣ ማለትም ቢ6፣ በወሰደው መጠን ልክ ነው፤ መጠኑ ካልታወቀ ለአዋቂ 5 ግራም፣ ለልጅ 70 ሚሊ ግራም በኪሎ (ከ5 ግራም ሳያልፍ)። መርፌው ከሌለ ክኒኑን ፈጭታችሁ በአፍንጫ ቱቦ አስገቡ፤ ባለ 50 ሚሊ ግራሙ 100 ፍሬ ይሆናል። ቲቢ ክሊኒክ መደርደሪያ ላይ ይገኛል፣ በእኩለ ሌሊትም ቁልፉ ይፈለግ።

አንድ ቤት ያደሩ ሁሉ ራስ ምታት

ሐረር በብርድ ሌሊት ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ይተኛሉ። የጣት ኦክሲሜትሩ 98 ቢያሳይም አትመኑት፤ የከሰሉን ጋዝ ከኦክስጅን አይለይም። በሪዘርቨር ማስክ (ከረጢት ባለው የኦክስጅን ጭንብል) ኦክስጅን ከ12 እስከ 15 ሊትር በደቂቃ፣ ቢያንስ 6 ሰዓት፤ እርጉዝ ከሆነች ከዚያ ይረዝማል። ቤት የቀረ ሰው ካለ አሁኑኑ ይምጣ።

ምንም የማይታይበት

ፓራሲታሞል በመጀመሪያው ቀን ዝም ይላል፤ ጉበቱ የሚጎዳው በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው። የወሰደችው ከ150 ሚሊ ግራም በኪሎ ከደረሰ ወይም መጠኑ ካልታወቀ፣ የደም ልኬት የለም ብላችሁ አትጠብቁ። ማርከሻው ኤን አሴቲል ሲስቴይን 150 ሚሊ ግራም በኪሎ በ1 ሰዓት፣ ከዚያ 50 በ4 ሰዓት፣ ከዚያ 100 በ16 ሰዓት በደም ሥር ይሰጣል። በአፍ ከሆነ 140፣ ቀጥሎ በየ4 ሰዓቱ 70፣ 17 ጊዜ። ከወሰደች 8 ሰዓት ሳይሞላ ሲጀመር ጉበትን በደንብ ይጠብቃል። ሆን ብላ ከወሰደች የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሳያያት፣ አብሯት የሚቆይ ሰው ሳይገኝ፣ ቤት ያለው መድኃኒትና የተባይ ማጥፊያ በዘመድ እጅ ሳይቆለፍ አትሸኟት።